ዘይት ከመቀባታችን በፊት፦ ስለ ነባር የጦር መሣሪያዎች ማጽጃና ቅባት አመራረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የወታደር ሰፈር ጉዳይ መስሎ ሊሰማችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። የጠመንጃ ዘይት በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ምን ይሠራል? ብትሉ አልፈርድባችሁም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሦስት የትምህርት ክፍሎች ድንበር ላይ የወደቀ፣ ስለዚህም ባለቤት ያጣ ጉዳይ ነው። የታሪክ ሰው ጠመንጃውን እንደ ማስረጃ ያየዋል፤ ብረቱ ምን እየሆነ እንዳለ ግን አይጠይቅም። የኬሚስትሪ ሰው ዝገትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጠመንጃውን ግን አያገኘውም። የቅርስ ጠባቂው ሁለቱን ለማስታረቅ ይጥራል፤ በእጁ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ዘይትና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነው።

በሀገራችን ነባር ጠመንጃዎች ስማቸው ራሱ ታሪክ ነው። ውጅግራ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ፉዚ ግራ ነው፤ የፈረንሳይኛው ስም በአማርኛ አንደበት ተለውጦ የእኛ ሆነ። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር ይዞት የመጣው እርሱን ነበር። ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ በልጅግ ደግሞ ከቤልጂየም ስማቸውን ወርሰዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ዛሬ በየሙዚየሙ፣ በየአድባራቱና ገዳማቱ ዕቃ ቤት፣ እንዲሁም ከአያት ለልጅ ልጅ እየተላለፉ በየቤተሰቡ ይገኛሉ። የካቲት 23 ሲደርስ የአባቶቹን መሣሪያ ወልውሎ ወደ አደባባይ የሚወጣውን ሰው ሁላችንም እናየዋለን።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው መወልወል ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚጎዱት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ በእንክብካቤም ይጎዳሉ። የተሳሳተ ዘይት፣ የተሳሳተ ማጽጃ፣ ያለ ቦታው የገባ ፍቅር ከጠላት እጅ የተረፈውን ብረት ይበላዋል። ስለዚህ ዛሬ የምለውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀድመው፦ የዘይት ምርጫ የመጨረሻው ውሳኔ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከእርሱ በፊት ቆሻሻው ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያም ያንን ቆሻሻ የሚያሟማውን ነገር መምረጥ ይቀድማል።

ይህን ለማስረዳት ወደ ባሩዱ ልመለስ።

ውጅግራና ሰናድር የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ በተለመደው አሠራሩ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ያህሉ ከሰል፣ 10 እጅ ያህሉ ድኝ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ በጭስ መልክ ይወጣል፣ ከፊሉ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ይለጠፋል። ይህ ዝቃጭ በአብዛኛው የፖታሲየም ጨዎች ስብስብ ነው፦ ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ሰልፋይድ። ጨዎቹ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። በጥቁር ባሩድ የተተኮሰበት መሣሪያ ሳይታጠብ ካደረ ቀለሙ ሲለወጥ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የኬሚስትሪ አንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን አንድ ነገር አስታውሱ። ጨው በውሃ ይሟሟል፤ በዘይት አይሟሟም። እንግዲህ በጥቁር ባሩድ ዘመን የነበሩ ወታደሮች ቱቦውን በውሃ ያጥቡ የነበረው የተሻለ ነገር ስላጡ አልነበረም። ውሃ ትክክለኛው አሟሚ ስለሆነ ነው። ፈልቶ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ጨውን ያሟማል፣ ብረቱንም ስለሚያሞቀው የቀረው እርጥበት ቶሎ ይተናል። ሲታጠብ የሚወጣው የገማ እንቁላል ሽታ የሰልፋይዱ ምልክት ነው፤ ሽታው ሲጠፋ ሥራው ወደ መጨረሻው እየተቃረበ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ ከቁሳቁስ ታሪክ ትምህርቶች ሁሉ እጅግ አስተማሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌብል የተባለው ጠመንጃ ይህንኑ ባሩድ ይዞ ወጣ። አዲሱ ባሩድ ቱቦውን እንደ ጥንቱ አያጠቁረውም። ሰዎች ከተኩስ በኋላ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የሚያብረቀርቅ ብረት አዩ፤ "ጸድቷል" አሉ፤ ውሃውን ትተው ዘይት ብቻ ቀቡ። ይሁንና ከጥቂት ቀናት በኋላ በዘይት የተሸፈነው ቱቦ ዝጎ ተገኘ። ደግመው ጠረጉት፣ ደግመው ቀቡት፤ እንደገና ዛገ።

ምክንያቱ ባሩዱ አልነበረም። በቀለሁ ግርጌ ያለችው፣ የባሩዱን እሳት የምትለኩሰው ትንሽ የመቀጣጠያ ቆብ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረ። ክሎሬቱ ሲፈነዳ ኦክስጅኑን ይሰጥና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ፖታሲየም ክሎራይድ ከምግብ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨው ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመንም ይኸው ጨው ነበረ፤ ነገር ግን በብዙ ዝቃጭ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጥና ከዝቃጩ ጋር በውሃ ይታጠብ ነበር። ባሩዱ ሲሻሻል ጨው ብቻውን በብረቱ ላይ ቀረ፤ ውሃውም አብሮ ቀረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ኬሚስት ዊልበርት ሃፍ ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተመው ጥናት መነሻ ያደረገው በዘይት ሽፋን ሥር የሚካሄድን ዝገት ነበር። መልሱም የክሎራይድ ጨው ሆኖ ተገኘ።

ዘይት በጨው ላይ ሲቀባ ጨውን አይነካውም፤ ይከድነዋል እንጂ። ቀጭን የዘይት ሽፋን ደግሞ ለውሃ ትነትና ለኦክስጅን ፍጹም ግድግዳ አይደለም። እርጥበቱ በዝግታ ያልፋል፣ ጨው ይቀበለዋል፣ ብረቱም ከሥር ይበላል። ባለቤቱ ግን የሚያየው የሚያብለጨልጭ ቅባት ነው። ንጹሕ መስሎ መታየትና ንጹሕ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የእንግሊዝ ጦር ለሊ ኤንፊልድ ጠመንጃው የፈላ ውሃ ማፍሰሻ ማንቆርቆሪያ ማደሉ፣ በጀርመን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው ባሊስቶል የተባለው ዘይት ከውሃ ጋር ተዋሕዶ እንደ ወተት የሚነጣ ፈሳሽ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለቱም ውሃን ወደ ብረቱ መልሰው የሚያመጡ መንገዶች ናቸው። በኋላ ክሎሬት የሌለባቸው የመቀጣጠያ ቆቦች እየተስፋፉ ሲመጡ ለአዳዲስ መሣሪያዎች ችግሩ ቀለለ። በሙዚየምና በቤተሰብ እጅ ያሉት ነባር መሣሪያዎች ግን ያን ጨው በጉድጓዶቻቸው ውስጥ እንደያዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተማሪዎቻችን ይህን በቀላል ሙከራ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ሦስት ንጹሕ ምስማሮች ውሰዱ። ሦስቱንም በጨው ውሃ ንከሩና አድርቁ። አንደኛውን እንዲሁ ተዉት፤ ሁለተኛውን ዘይት ቀቡት፤ ሦስተኛውን በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። እርጥበት ባለበት ክፍል አስቀምጣችሁ በየዕለቱ ተመልከቱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተቀቡት አንድ ዓይነት ዘይት ነው፤ የሚለያዩት ከዘይቱ በፊት በተደረገው ነገር ብቻ ነው። ጨው ታጥቦ ማለቁን ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ቀላል መመርመሪያ አለ፦ ከታጠበበት ውሃ ጥቂት ወስዶ በናይትሪክ አሲድ ትንሽ አሲድማ ካደረገ በኋላ የብር ናይትሬት ጠብታ ቢጨምርበት፣ ክሎራይድ ካለ ውሃው ነጭ ደመና ይይዛል። ደመናው እስኪጠፋ ድረስ እጥበቱ አላለቀም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ማከል ግዴታዬ ነው። ውሃ የሚገባው ወደ ቱቦው ብረት እንጂ ወደ እንጨቱ አይደለም። ቱቦው ከእንጨቱ ሳይለያይ ውሃ የሚያፈስ ሰው ዝገቱን ከሚታይበት ወደማይታይበት ቦታ አዛወረው ማለት ነው። አሮጌ ብሎን በግድ መፍታትም ጥርሱን መላጨት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ መሣሪያው ጥይት አለመጉረሱ መረጋገጥ አለበት፤ አሮጌ ጥይት ከተገኘ የጽዳት ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የሚመለከተው የጸጥታ አካል ጉዳይ ይሆናል። የጦር መሣሪያ መያዝ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ መሆኑንም ላስታውስ።

አሁን ወደ ማጽጃዎች ልሻገር። ቆሻሻን በሦስት እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ጨው ነው፤ አሟሚው ውሃ መሆኑን ተነጋግረናል። ሁለተኛው የደረቀ አሮጌ ቅባት ነው፤ አሟሚው ከነዳጅ ዘር የሆነ ፈሳሽ ነው። በየቤቱ የሚታወቀው ላምባ ለዚህ ያገለግላል፤ ቅባትን ያላላል፣ ነገር ግን ሲተን ለብረቱ መጠበቂያ አይተውም። ቤንዚን ደግሞ ትነቱ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በዝግ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ሦስተኛው ብረት በብረት ላይ የተወው ቅሪት ነው፤ በመዳብ ቅይጥ የተለበጡ ጥይቶች በቱቦው ውስጥ ስስ የመዳብ ልባስ ይተዋሉ። ይህን የሚያነሡ ማጽጃዎች ብዙውን ጊዜ አሞኒያ አለባቸው።

አሞኒያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መዳብ ላለበት ቅይጥ ሁሉ አደገኛ ነውና። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አቅራቢያ የተከማቹ የጥይት ቀለሆች ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ሰዎች ወቅቱን አይተው "የወቅት ስንጥቅ" አሉት። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ገለጠው፦ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርጥበቱና ናሱ ሲሠራ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ተባብሮ ናሱን ይሰነጥቀው ነበር። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው። የመዳብ ማጽጃ የናስ ጌጥ፣ የናስ ማሰሪያ ወይም ቀለህ ባለበት አካባቢ መፍሰስ የለበትም። ዳግመኛ ለማይተኮስ የቅርስ መሣሪያ ደግሞ ያን የመዳብ ልባስ ማንሣት ራሱ አስፈላጊ አይደለም። ልባሱ ብረቱን የሚበላ ጠላት ሳይሆን መሣሪያው አንድ ዘመን ማገልገሉን የሚመሰክር ቅሪት ነው።

ከናስ ሳንወጣ ዝናርን እንመልከት። በቆዳ ዝናር ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ቀለህ ሰም የመሰለ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሻጋታ ይለዋል። ሻጋታ አይደለም። ቆዳው ሲለፋና ሲለሰልስ የተቀባው ስብ በጊዜ ብዛት የሰባ አሲድ ይሰጣል፤ አሲዱ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ የመዳብ ሳሙና ይሆናል። አረንጓዴው እርሱ ነው። ዝናሩን ስብ እየቀቡ ማለስለስ እንግዲህ ቆዳውን ሊያስደስት፣ ቀለሁን ግን ሊያስከፋ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባዶ ቀለሆችንና ቆዳውን ለያይቶ ማስቀመጥ፣ አረንጓዴውን በለስላሳ የእንጨት ቅርፊት ማንሣት፣ ናሱን ወርቅ እስኪመስል አለመፈግፈግ።

አሁን ወደ ዘይቶቹ ደርሰናል። በእጃችን የሚገኙትን አንድ በአንድ ልመልከት።

የምግብ ዘይቶች በቅርብ ስለሚገኙ ፈታኞች ናቸው። የኑግ ዘይት ግን ለብረት የሚሆን ዘይት አይደለም። አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ነው፤ ይህም ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተያያዘ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ነው። በየዕለቱ የምናየው ነገር ነው፤ በዘይት መያዣ ዕቃ አፍ ላይ ደርቆ የሚያጣብቀው ቢጫ ሽፋን ይኸው ነው። በጠመንጃ ተንቀሳቃሽ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል፣ ኋላም በላምባ እንኳ በቀላሉ አይለቅም። የተልባ ዘይት ከኑግም ብሶ የሚደርቅ ነው። ይህ ጠባዩ ለእንጨት ሰደፍ መልካም አድርጎታል፤ ለብረት ግን መጥፎ ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል በራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሞራና ቅቤም ሲቆዩ አሲድ ይሰጣሉ፤ ከናስ ጋር ያላቸውን ጠብ በዝናሩ አይተናል።

ከመኪና የወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሌላው የተለመደ ምርጫ ነው። ጥቁር ስለሆነና ወፍራም ስለሚመስል ጠባቂ ይመስላል። በውስጡ ግን ከቃጠሎ የመጣ አሲድ፣ ውሃ፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለ፤ ለቆዳም ጎጂ የሆኑ፣ ካንሰር የሚያስከትሉ ውሕዶች ይገኙበታል። በቅርስ ላይም በእጅም ላይ ቦታ የለውም።

በየሱቁ የሚሸጠው ደብሊው ዲ ፎርቲ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሳንዲዬጎ የተሠራ ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ውሃን የሚያፈናቅል፣ በአርባኛው ሙከራ የተገኘ ፈሳሽ ማለት ነው። ከእጥበት በኋላ በስንጥቅ ውስጥ የቀረን ውሃ ለማስወጣት ጥሩ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ግን ስለሚተን የሚተወው ሽፋን ስስ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ የተሠራን ነገር ለአሥር ዓመት ጥበቃ መጠቀም የፈሳሹ ጥፋት ሳይሆን የመራጩ ነው።

አንድ ጠርሙስ ሦስት ሥራ እንዲሠራ የተቀመሙ፣ የሚያጸዱ፣ የሚያለሰልሱና ከዝገት የሚጠብቁ ዘይቶችም አሉ። የተፈለጉት ወታደር በዘመቻ ላይ ሦስት ጠርሙስ መሸከም ስለማይችል ነው። ሦስቱን ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዱንም ግን ለዚያ ብቻ የተሠራው ፈሳሽ የሚሠራውን ያህል አይሠሩም። ለሥራ መሣሪያ ተገቢ ስምምነት ነው። ለሙዚየም መሣሪያ ግን ችኮላ ስለሌለብን ስምምነቱ አያስፈልገንም።

የሥራ መሣሪያ ስል በብሔራዊ ፓርኮቻችን ጥበቃ ላይ ያሉትን ሰዎች አስባለሁ። በሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርስ ከፍታ አለ፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ዘይት ወይም ግሪስ ይረጋል፤ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ይዘገያል። እዚያ ቀጭን ዘይት በጥቂቱ ይሻላል። በዳሎል አካባቢ ደግሞ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ቀጭኑን ዘይት ያፈሰዋል፤ አቧራውም ተራ አቧራ ሳይሆን ጨው ያለበት ነው። በዘይት የራሰ ብረት ያን አቧራ ይሰበስብና አሸዋ እንደተቀላቀለበት መሞረጃ ይሆናል። በዚያ ቦታ የሚበጀው ተጨማሪ ዘይት ሳይሆን ያነሰ ዘይትና ቶሎ ቶሎ የሚደረግ ጽዳት ነው። "የትኛው ዘይት ይሻላል?" ለሚለው ጥያቄ ቦታው ሳይታወቅ መልስ የለም ማለቴ በዚህ ምክንያት ነው።

ዳግመኛ ለማይተኮስ መሣሪያስ? እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ማለስለሻ የሚያስፈልገው ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ውጅግራ የሚያስፈልገው ጥበቃ እንጂ ልስላሴ አይደለም። ዘይት ይፈሳል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ከሁሉ በላይ ግን ወደ እንጨቱ ይወርዳል። በአፈሙዙ ወደ ላይ ቆሞ የሚቀመጥና በዘይት የጠገበ መሣሪያ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወርዶ የሰደፉን አንገት ያጠቁራል፣ ያለሰልሳል። ስለዚህ የቅርስ ጠባቂዎች በብዙ ሁኔታ የሚመርጡት ሰምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም የምርምር ክፍል የተቀመመው ሬኔሳንስ ዋክስ የዚህ ዓይነት ነው። ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ አቧራ አይዝም። ደግሞም ሲያስፈልግ በነጭ መንፈስ ይነሣል። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ዋናው ነው፤ በቅርስ ላይ የምናደርገው ሁሉ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ሊያነሣው የሚችል መሆን አለበት።

ሰሙም ሆነ ዘይቱ ግን የአየሩን ሥራ አይተካም። ንጹሕ ብረት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የዝገቱ ፍጥነት በእጅጉ ይጨምራል፤ ጨው ያለበት ብረት ከዚህም ባነሰ እርጥበት ይዝጋል። አዲስ አበባ በክረምት ወራት ከዚህ ደረጃ በላይ ትቆያለች። ስለዚህ መሣሪያን በቆዳ አፎት ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ መክተት እርጥበትን አብሮ መቆለፍ ነው። ነፋሻ ቦታ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ያለ መደርደሪያ፣ በክረምት በየጊዜው መመልከት፤ እነዚህ ከውድ ዘይት ይበልጣሉ። እጅም ጨው አለው። በበዓል ቀን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የዋለ መሣሪያ ምሽቱን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ስስ ሽፋን ካልተቀባ፣ የጣት አሻራው ከሳምንታት በኋላ በዝገት ተጽፎ ይታያል።

ስለ ማብረቅረቅ አንድ ነገር ካልኩ በኋላ እደመድማለሁ። ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ብርቱካንማ፣ ዱቄት መስሎ የሚረግፈው ሥራ ላይ ያለ ዝገት ነው፤ መቆም አለበት። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ግን ብዙ ጊዜ የረጋ ነው። አንዳንዴም ፋብሪካው ራሱ ሆን ብሎ የሰጠው ልባስ ነው፤ የጠመንጃ ብረት የሚጠቁረው በላዩ በተፈጠረ ማግኔታይት ነውና። ሎሚ፣ አመድ፣ የአሸዋ ወረቀትና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርጉም። አሲዱ ዝገቱንም ልባሱንም ያነሣል፤ ሻካራው ነገር ደግሞ ጽሕፈቱን ይፍቃል። በውጅግራ ብረት ላይ የሴንት ኤቲየን ወይም የሌላ ፋብሪካ ስም፣ የሞዴሉ ዓመት፣ ተከታታይ ቁጥር ይገኛል። በሰደፉ ላይ የባለቤት ስም ወይም ምልክት ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ የሚነግሩን እነዚህ ናቸው። የትኛውም ማኅደር የማይተካቸውን እነዚህን ፊደሎች ለአንድ ቀን ብልጭታ ስንል መፋቅ ሰነድ እንደ መቅደድ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። "መሣሪያው የቤተሰቡ ነው፤ ክብሩም በማብረቅረቁ ነው፤ ሙዚየም ስለ ቤተሰብ ክብር ምን አገባው?" ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። አባት የወለወለውን ልጅ መወልወሉ ራሱ ቅርስ ነው፤ ልማዱንም ከብረቱ ጋር ልንጠብቀው ይገባል። እኔ የምለው ልማዱ ይቅር ሳይሆን ዕቃው ይለወጥ ነው። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ሰም ልማዱን ያስቀጥላሉ፣ ብረቱንም ያቆያሉ። የአሸዋ ወረቀት ግን ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚወለወል ነገር አያስቀርም።

ስለዚህ ዘይት ወይም ማጽጃ ከመምረጣችን በፊት አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ይህ መሣሪያ ወደፊት ይተኮሳል ወይስ አይተኮስም? በላዩ ያለው ቆሻሻ ጨው ነው፣ ቅባት ነው ወይስ የብረት ቅሪት? ከብረቱ አጠገብ ያለው ምንድን ነው፣ እንጨት፣ ናስ ወይስ ቆዳ? የሚቀመጠውስ የት ነው? ለእነዚህ መልስ የሰጠ ሰው የዘይቱን ስም ለማግኘት አይቸገርም። መልስ ያልሰጠ ሰው ግን በዓለም ላይ ውድ የሆነውን ዘይት ቢገዛም ጨውን በክብር ከመክደን አያልፍም።

ለፋኩልቲው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ የታሪክና የኬሚስትሪ ተማሪዎች በጋራ የሚሠሩት፣ ነባር የብረት ቅርሶችን ሳይነኩ የሚመዘግቡበት የመስክ ሥራ ይጀመር፤ ፎቶግራፍ፣ የምልክቶች ቅጂ፣ የዝገቱ ዓይነት፣ የተቀባው ቅባት፣ የማስቀመጫው እርጥበት። ምዝገባው ከጽዳቱ ይቅደም፤ የተጸዳ ነገር ወደነበረበት አይመለስምና። ሁለተኛው፣ ለየአድባራቱ ዕቃ ቤት ኃላፊዎችና ለቤተሰቦች በቀላል አማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ መመሪያ እናዘጋጅ። ዋጋው የወረቀት ዋጋ ነው። መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት ሊደርስ ይችላል፤ ዝገቱም የሚጠብቀው ያንኑ ክረምት ነው።